ወረንጦ ከአንገት እስኪወርድ

በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ እናቶችን ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ከማተባቸው ጋር የታሰረች ትንሽ ወረንጦ ትታየው ነበር። እሾህ ማውጫ ብቻ አልነበረችም። አያቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጎረቤቷ የዓይኗን ፀጉር ትነቅልላታለች፤ እሷም በተራዋ ለጎረቤቷ። ነርስ ሆኜ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና እንድማር ያደረገኝ ያ ነው።

በሽታው ትራኮማ ነው፤ የዓይን ማዝ እንለዋለን። በልጅነት ደጋግሞ የሚይዘው ተሕዋስ የላይኛውን ቆብ በውስጥ በኩል ያቆስለዋል። ቁስሉ ጠባሳ ሆኖ ሲኮማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ፀጉሩም ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። የሕፃናትን ዓይን የምታብሰው እናት ስለሆነች ከወንድ ይልቅ ሴትን ይጎዳል። ሐይቃችን በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው፤ ውኃው ከታች፣ ቤቱ ከላይ ሲሆን የልጅ ፊት መታጠብ ለመጨረሻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ትራኮማ ይዟቸው ተገኝተዋል።

ወረንጦዋን ኋላ ቀር ልማድ ሲሏት እቆጫለሁ። ከ3,500 ዓመት በፊት የተጻፈው የግብፁ ኤበርስ ፓፒረስ እንኳ የተቀለበሰ ፀጉር ስለ መንቀል ያወሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ በክልላችን 1,300 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናትም ጥቂት ፀጉር ብቻ የተቀለበሰባቸው፣ ጥሩ ወረንጦና የሠለጠነ ነቃይ ካገኙ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እይታቸው በቀዶ ሕክምና ከታከሙት የባሰ እንዳልሆነ አሳይቷል። እናቶቻችን የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። የተነቀለ ፀጉር ግን መልሶ ይበቅላል።

ቀዶ ሕክምናው ወደ ገጠር የመጣው በሐኪም ብቻ ሳይሆን በነርስ እጅ ነው። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ይቆረጣል፣ ጫፉ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። ክርክሩ አቆራረጡ ላይ ነበር። በምዕራብ ጎጃም በ1,000 ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት፣ ከቆዳው ጀምሮ ሙሉውን ሲቆረጥ በዓመት ውስጥ 22 በመቶው ላይ የፀጉሩ መቀልበስ ተመልሷል፤ ከውስጥ በኩል ብቻ ሲቆረጥ 13 በመቶው ላይ። ይህን ያስተማሩት የጎጃም ገበሬዎች ናቸው፤ ዓለም ከእነሱ ተምሯል።

ጠባሳው ሌላም ጣጣ አለው። አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ባስተዋወቀው ዘዴ፣ ዕጢ ወጥቶለት የጎደለ የታችኛው ቆብ የሚጠገነው ከላይኛው ቆብ ውስጠኛ ክፍል ወደ ታች በማውረድ ነው። ትራኮማ ያኮማተረው የላይኛው ቆብ ግን ለታችኛው የሚያበድረው ጤነኛ አካል ያጣል።

አንገቷ ላይ ወረንጦ ያላት እናት ካለችዎት ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ያድርሷት። ቀዶ ሕክምናው ፀጉሩን ከብሌኑ ያርቃል፤ ብሌኑ ላይ አንዴ የወጣውን ነጭ ጠባሳ ግን አያጠፋም።