ገንዘቡ በማን እጅ ይቆይ? የ«ብሬን መልሱልኝ» ክርክር የሠላሳ ዓመት ታሪክ

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሱቆች በደረሰኛቸው ግርጌ፣ አንዳንዶቹም በግድግዳቸው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፈዋል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ገዢው ዕቃውን አገላብጦ፣ ሞክሮ፣ ዋጋ ተከራክሮ ስለሚወስድ ጽሑፏ እምብዛም አታስቆጣውም። ሻጩም ነገ እዚያው ሱቅ ውስጥ ይገኛል። ጠብ ቢነሳ የጎን ነጋዴ ይገባል፣ ደላላው ይጠራል፣ ነገሩ በሻይ ያልቃል።

ገዢና ሻጭ በስልክ መስኮት ብቻ ሲገናኙ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። ገዢው ዕቃውን አልዳሰሰም፣ ሻጩም ገዢውን አያውቀውም። ወይ ገንዘቡ ቀድሞ ይሄዳል፣ ወይ ዕቃው። ከሁለቱ አንዱ የማያውቀውን ሰው አምኖ መቅደም አለበት።

የኦንላይን ገበያ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የቴክኖሎጂ ታሪክ ሆኖ ይተረካል። ውስጡ ሲታይ ግን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የተካሄደ ረጅም ሙግት ነው፦ ዕቃው መንገድ ላይ ሳለ ገንዘቡ በማን እጅ ይቆይ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ የተበላሸው ሌዘር

በሴፕቴምበር 1995 ፒየር ኦሚድያር የተባለ ፕሮግራመር ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክሽንዌብ የሚባል የጨረታ ድረ ገጽ ከፈተ። በኋላ ኢቤይ የተባለው ይኸው ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሽያጮች አንዱ የተበላሸ ሌዘር ፖይንተር ሲሆን፣ በ14.83 ዶላር ተሸጠ። ኦሚድያር «መበላሸቱን ተረድተሃል?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ገዢው የተበላሹ ሌዘሮችን እንደሚሰበስብ ነገረው።

ይህ ወሬ ሲነሳ ሰው የሚስቀው በገዢው ነው። ቁም ነገሩ ግን የሻጩ ጥያቄ ነው። ሻጩ ብሩን ከመያዙ በፊት ገዢው የሚገዛውን ማወቁን አረጋገጠ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሻጮች ሁሉ እንዲህ አልጠየቁም።

በዚያን ጊዜ ገዢው ቼክ ወይም መኒ ኦርደር በፖስታ ይልካል። ሻጩ ገንዘቡ ሲደርሰው ዕቃውን ይልካል። ዕቃው ካልመጣ፣ ወይም የመጣው ሌላ ከሆነ፣ አቤቱታው ወደ ኦሚድያር ኢሜይል ይጎርፋል። እሱም «እርስ በርስ ተነጋግራችሁ ጨርሱ» እያለ ይመልስ ነበር። አቤቱታው ሲበዛበት በፌብሩዋሪ 1996 የአስተያየት መድረክ ከፈተ። ገዢና ሻጭ ለእርስ በርሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ፦ ሲደመር አንድ፣ ዜሮ፣ ወይም ሲቀነስ አንድ።

ሐሳቡ የመንደር ሐሳብ ነው። ስሙ የጠፋ ነጋዴ ደንበኛ አያገኝም። ችግሩ ዱላው በሁለቱም እጅ መሆኑ ነበር። ገዢው መጥፎ ነጥብ ከሰጠ ሻጩ ይበቀላል። ሬስኒክና ዜክሃውዘር የተባሉ ተመራማሪዎች የ1999ን የኢቤይ መረጃ ሲያጠኑ፣ ገዢዎች ከሰጡት አስተያየት 99.1 በመቶው ጥሩ፣ 0.6 በመቶው ብቻ መጥፎ ሆኖ አገኙት። ይህ ሁሉ የሐቀኝነት ውጤት ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትና ይሉኝታም ነበሩበት። ደግሞም መጥፎ ነጥብ ንዴት ያበርዳል እንጂ ገንዘብ አያስመልስም።

▪️ ሽማግሌ በኢሜይል

በ1999 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲው ኤታን ካትሽ ለኢቤይ አንድ ሙከራ አካሄደ። የተጣሉ ሰዎች በኢሜይል ሽማግሌ ቢመደብላቸውስ? በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ ጉዳዮች መጡ። ፊት ለፊት የማይተያዩ፣ የማይተዋወቁ፣ በተለያየ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች በጽሑፍ ሊታረቁ እንደሚችሉ ታየ።

ከዚያ ስኩዌርትሬድ የተባለ ኩባንያ ሥራውን ከኢቤይ ጋር ተረከበ። እስከ 2008 ድረስም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጠቦችን አየ። ዘዴው ቀላል ነበር። ተበዳዩ እንደልቡ ከመሳደብ ይልቅ ቅጽ ይሞላል፦ ዕቃው አልደረሰም? ተሰብሮ መጣ? ከፎቶው ይለያል? ምን ቢደረግልህ ትስማማለህ? ቁጣው ወደ ምርጫ ይለወጣል። ብዙው ጠብ ሰው ሳይገባበት እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ሰው የሆነ አስታራቂ በክፍያ ይገባል።

የሽምግልና ድካሙ ግን የታወቀ ነው። ሽማግሌው ገንዘቡን አልያዘም። ሻጩ «አልመልስም» ካለ፣ ወይም መልስ ካልሰጠ፣ ሽማግሌው የሚችለው ማዘን ብቻ ነው። ይኸው ድካም ከዓመታት በኋላ በአውሮፓም ታየ። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 የኦንላይን ሸማቾች አቤቱታ የሚያቀርቡበት የራሱን መድረክ ከፈተ። ነጋዴዎች ለአቤቱታው መልስ የሚሰጡት ከስንት አንድ ጊዜ ስለነበር መድረኩ ተጠቃሚ አጣ፤ በጁላይ 2025ም ተዘጋ።

▪️ ገንዘቡን የያዘው ዳኛ ሲሆን

ለውጥ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። አሜሪካ በ1974 ያወጣችው የክሬዲት ሂሳብ ሕግ፣ በካርድ የከፈለ ሰው ያልደረሰው ወይም ያልተስማማበት ዕቃ ዋጋ ሲጠየቅ በጽሑፍ እንዲከራከርና ክርክሩ እስኪያልቅ ክፍያውን እንዲይዝ ፈቅዷል። ሕጉ ሲወጣ ኢንተርኔት ለሕዝብ አልደረሰም ነበር። ኦንላይን ገበያ ሲመጣ ግን የገዢው ዋና ጋሻ ሆነ። በካርድ የከፈለ ሰው ሻጩን መለመን አይጠበቅበትም፤ ባንኩ ገንዘቡን ከሻጩ ሂሳብ መልሶ ይጎትትለታል።

ኢቤይ በ2002 ፔይፓልን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ይህን ጉልበት ወደ ቤቱ አስገባ። አሁን ክርክሩን የሚሰማውና ገንዘቡን የሚያስተላልፈው አንድ ቤት ሆኑ። ከ2003 ጀምሮ የኢቤይና የፔይፓልን የክርክር ክፍል የመራው ኮሊን ሩል እንደሚለው፣ ሥርዓቱ በዓመት እስከ 60 ሚሊዮን ጠቦችን ያይ ነበር፤ ከእነዚህም 90 በመቶው የሠራተኛ እጅ ሳይገባበት ያልቃል። በዓለም ላይ ይህን ያህል መዝገብ የሚያይ ፍርድ ቤት ማግኘት ይቸግራል።

ሚዛኑም ወደ ገዢው አጋደለ። በሜይ 2008 ኢቤይ ሻጮች ለገዢ መጥፎ ነጥብ እንዳይሰጡ ከለከለ። ሻጮች ከወራት በፊት፣ በፌብሩዋሪ፣ ዕቃ ላለማውጣት አድመው ነበር፤ አልተሳካላቸውም። ከዚያ ወዲህ የሻጩ እሮሮ አንድ ዓይነት ነው፦ ገዢው «ዕቃው ከፎቶው ይለያል» ይላል፣ ገንዘቡ ይመለስለታል፣ ሻጩ ጋ የሚመለሰው ሳጥን ውስጥ ግን ጡብ ይገኛል።

▪️ ካሜራው

ቻይና ሌላ መንገድ ሄደች። አሊባባ ታኦባኦን በሜይ 2003 ከፈተ። በዚያን ጊዜ ክሬዲት ካርድ የያዘ ቻይናዊ ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ የካርድ ሕግ የሚሰጠው ጋሻ አልነበረም። ሰው ዕቃ አይቶ ይወዳል፣ መክፈል ግን ይፈራል።

መፍትሔው ጥንታዊ ነው፦ ገንዘቡን ሦስተኛ ወገን ይያዘው። ገዢው ለታኦባኦ ይከፍላል። ታኦባኦ ለሻጩ «ገንዘቡ ገብቷል፣ ዕቃውን ላክ» ይለዋል። ገዢው ዕቃውን አይቶ «ደርሶኛል» ሲል ገንዘቡ ለሻጩ ይለቀቃል። ገዢው ዝም ቢልና የተወሰነ ቀን ቢያልፍ ገንዘቡ በራሱ ለሻጩ ይሄዳል፤ ሻጩም በገዢው ስንፍና አይታሰርም።

በኦክቶበር 2003 በዚህ መንገድ የተካሄደው የመጀመሪያ ግብይት አንድ ያገለገለ ፉጂ ካሜራ ነበር። ሻጩ ጃፓን፣ ገዢው ሺያን ከተማ ነበሩ። ዋጋው 750 ዩዋን። ገዢው ከከፈለ በኋላ ፈራና ገንዘቡን መልሱልኝ አለ። የታኦባኦ ሠራተኛ ስልክ ደውላ አረጋግታው ነው ግብይቱ የተፈጸመው። የሥርዓቱ የመጀመሪያ ደንበኛ የመጀመሪያው አስመላሽ ሊሆን ለጥቂት ቀረ።

ይህ አሠራር በ2004 አሊፔይ የተባለ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። ቀድሞ ቻይና የገባው ኢቤይ ግን በዲሴምበር 2006 የቻይና ገጹን ዘጋ። ታኦባኦ ከሻጮች ክፍያ አለመጠየቁ፣ ገዢና ሻጭ እንደልብ እንዲጻጻፉ መፍቀዱ፣ ገንዘቡን በአደራ መያዙ ተደማምረው አሸነፉት።

በ2012 ታኦባኦ ጨመረበት። ጠቦችን የሚዳኙ ተራ ተጠቃሚዎችን መረጠ። ማስረጃውን አንብበው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ድምፁ እኩል እንዳይሆን ቁጥራቸው ጎዶሎ ነው። ዳኞቹ ራሳቸው ገዢና ሻጭ ናቸው፤ ነገ ተራው የእነሱ ሊሆን ይችላል። በማርች 2014 ደግሞ በኦንላይን የተገዛን አብዛኛውን ዕቃ በ7 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ የሚፈቅድ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ይህ ጊዜ 14 ቀን ሆነ።

▪️ ዕቃውም፣ ገንዘቡም

ፔንዱለሙ ከሚገባው በላይ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ያሳየችውም ቻይና ናት። ፒንዱዎዱዎ የተባለው ርካሽ ገበያ በ2021 «ገንዘብ ብቻ መመለስ» የሚባል አሠራር አመጣ። ገዢው ቅር ከተሰኘ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ዕቃውም እጁ ላይ ይቀራል። የአሥር ዩዋን ዕቃ ለመመለስ ማጓጓዣው ከዕቃው ስለሚበልጥ ሐሳቡ ሲታይ ብልህ ነበር። በ2023 መጨረሻ ታኦባኦና ጄዲም ተከተሉ።

ወዲያው ነፃ ዕቃ መውሰድን ሥራ ያደረጉ ሰዎች ፈሉ። አንዳንድ ነጋዴዎች በንዴት ለጥቂት ዩዋን ገዢን ፍርድ ቤት ገተሩ። በጁላይ 2024 ከደንበኛ ቅሬታ ጋር በተያያዘ ቅጣት የተማረሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጋዴዎች የፒንዱዎዱዎ እህት ኩባንያ የሆነው ቴሙ ጓንጁ ቢሮ ድረስ ሄደው ጮኹ። በኤፕሪል 2025 ትልልቆቹ ገበያዎች አሠራሩን እንደሚተዉ ተሰማ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ገንዘቡ በሻጩ እጅ ብቻ ሲሆን ገዢው ይዘረፋል። ገንዘቡም ዕቃውም ገዢው ጋ ሲቀር ደግሞ ሻጩ ይዘረፋል።

▪️ አገር ቤትስ?

የኢትዮጵያ የቴሌግራም ገበያ ጥያቄውን በራሱ መንገድ መልሶት ነበር፦ «ያሉበት እናደርሳለን፣ ክፍያ ዕቃውን ሲረከቡ»። ገዢው ሳጥኑን ከፍቶ አይቶ ይከፍላል። ገንዘቡ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ በገዢው ኪስ ነው። ጉዳቱ ሻጩ ላይ ይወድቃል። ሞተረኛው አያት ድረስ ሄዶ ሲደውል ገዢው ስልኩን ያጠፋል፤ የመንገዱ ሒሳብ በነጋዴው ይታሰባል።

ስለዚህ ነጋዴው ቀብድ፣ አልፎም ሙሉ ክፍያ ቀድሞ መጠየቅ ጀመረ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንክ መተግበሪያዎች ከተስፋፉ በኋላ ይህ ቀላል ሆነ። ገንዘብ በሰከንድ ይሄዳል፣ ስክሪንሾት ይላካል። በሰከንድ የሄደ ገንዘብ ግን በሰከንድ አይመለስም። «ላክሁ» ያለች ገዢ ብሎክ ተደርጋ ትቀራለች። በሌላ በኩል በሐሰተኛ ስክሪንሾት ዕቃውን ያስረከበ ነጋዴ አለ። አዲስ አበባ በ1996 ኢቤይ የቆመበት ቦታ ላይ ቆማለች፤ ፍጥነቱ ብቻ ነው የጨመረው።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ዕቃው ከጉድለት ነፃ ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ወጥቷል። ነገር ግን ለ1,500 ብር ጫማ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ማን ነው? ሻጩስ ከአንድ የቻናል ስምና ከአንድ የሂሳብ ቁጥር በቀር ማን ይባላል?

የሠላሳ ዓመቱ ታሪክ ያሳየው ይህንን ነው። ምስጋናና ወቀሳ መለጠፍ ብቻ አልበቃም። ገንዘብ ያልያዘ ሽማግሌም አልበቃም። ሕግ ብቻውንም አልበቃም። የሠራው ገንዘቡን ለጥቂት ቀናት በአደራ የሚይዝ፣ የሁለቱንም ቃል የሚሰማ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚለቅ ወገን ነው። አደራ መያዝ ለኢትዮጵያ ገበያ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሁለት ሰዎች መካከል ብር ይዞ የሚቆይ የታመነ ሰው በየሰፈሩ ነበር፣ አለም። የጎደለው ይህንን ሥራ በስልክ ላይ የሚሠራ፣ ስሙና አድራሻው የሚታወቅ፣ ቢያጎድል የሚጠየቅ ተቋም ነው። ገንዘብ በስልክ የሚያስተላልፉ ድርጅቶች ገንዘቡን በእጃቸው ያሳልፉታል። ከማሳለፍ እስከ ሦስት ቀን አደራ መያዝ ያለው እርምጃ ረጅም አይደለም።

እስከዚያው ድረስ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ከሱቁ ግድግዳ ወርዶ፣ ማንም ሳይጽፈው፣ በየቻናሉ ይሠራል።