የእንግሊዝ ደወል ደዋዮችና የቅደም ተከተል ስሌት

በሌሎች የአውሮፓ አገሮች የቤተ ክርስቲያን ደወል ምእመናንን መጥሪያ ወይም ዜማ ማሰሚያ ሆኖ ሲኖር፣ በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ግን ደወል መደወል ዜማን ትቶ ወደ ቁጥር ያዘነበለ ጥበብ ሆነ። ለዚህ ዋናው ምክንያት የደወሉ አሰቃቀል ነው፤ ደወሉ በሙሉ መንኮራኩር ላይ ተገጥሞ፣ ገመዱ በተሳበ ቁጥር ሙሉ ክብ ዞሮ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ስለሚቆም፣ አንዳንዱም ከአንድ ቶን በላይ ስለሚመዝን፣ ደዋዩ በጥቂቱ ሊያዘገየው ወይም ሊያፈጥነው ቢችልም በፈለገው ቅጽበት ሊያስጮኸው አይችልም። ስለዚህ ዜማ ማውጣት እጅግ የሚያስቸግር ሲሆን፣ አንድ ደወል ከጎረቤቱ ጋር ተራ መለዋወጡ ግን የሚቻል ሆነ።

ከዚህ የተነሣ ደዋዮቹ ፐርሙቴሽን በሚባለው የሒሳብ ጉዳይ ውስጥ ገቡ፤ ይኸውም የተወሰኑ ሰዎች ወይም ዕቃዎች በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊሰለፉ እንደሚችሉ የመቁጠር ስሌት ነው። ከሦስት ደወሎች ለመጀመሪያው ተራ ሦስት ምርጫ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለመጨረሻው አንድ ብቻ ስለሚኖር ሦስቱ ቁጥሮች ሲባዙ 6 ረድፍ ይገኛል፤ በዚሁ መንገድ አራት ደወሎች 24፣ አምስት 120፣ ሰባት ደግሞ 5,040 ረድፍ ይሰጣሉ። ዛሬ ፋክቶሪያል ለሚባለው ለዚህ ብዜት የሒሳብ ሊቁ ክርስቲያን ክራምፕ የቃለ አጋኖ ምልክት የሰጠው በ1808 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ደዋዮቹ ግን ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው ይሠሩበት ነበር።

ሆኖም መቁጠሩ ቀላሉ ክፍል ነው። በ1668 ሪቻርድ ዳክወርዝ የጻፈውን «ቲንቲናሎጂያ» ያሳተመውና በ1677 «ካምፓናሎጂያ» የተባለውን የራሱን መጽሐፍ ያወጣው አታሚው ፋቢያን ስቴድማን የተጨነቀበት ጉዳይ፣ ረድፎቹ ሁሉ አንዳቸውም ሳይደገሙ፣ ማንኛውም ደወል በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ ሳይዘል፣ እንዴት በተከታታይ ሊደወሉ እንደሚችሉ ነበር። ለሦስት ደወሎች መልሱ አጭር ነው፤ 123፣ 213፣ 231፣ 321፣ 312፣ 132 ተብሎ ወደ 123 ይመለሳል። የደወሉ ቁጥር ሲጨምር ግን መንገዱ ይወሳሰባል፤ ደዋዩም ወረቀት ሳያይ ሁሉንም በቃሉ መያዝ አለበት፤ ይህም ከስሌቱ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው።

በግንቦት 2 ቀን 1715 እ.ኤ.አ. በኖሪች ከተማ በቅዱስ ጴጥሮስ ማንክሮፍት ቤተ ክርስቲያን የሰባት ደወሎች 5,040ዎቹ ረድፎች በ3 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ጊዜ ውስጥ ተደውለው አለቁ። የስምንት ደወሎች 40,320 ረድፎች ደግሞ በሐምሌ 1963 እ.ኤ.አ. በላፍቦሮ ከተማ፣ በስምንት ደዋዮች ያለ ተተኪ፣ በ17 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ተፈጸሙ። ከዚያ በላይ የሰው ጉልበት አይደርስም፤ የአሥራ ሁለት ደወሎች ረድፍ 479,001,600 ስለሆነ፣ በደቂቃ ሠላሳ ረድፍ እንኳ ያለ ዕረፍት ቢደወል ከ30 ዓመት በላይ ይፈጃል።

የሒሳብ ታሪክ ጸሐፊዎች የቅደም ተከተል ለውጦችን ጥናት አብዛኛውን ጊዜ ከሒሳብ ሊቁ ከላግራንዥ የ1770ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ይጀምራሉ፤ ለውጦቹን በሥርዓት አጥንቶ በመጽሐፍ በማሳተም ግን አታሚው ስቴድማን መቶ ዓመት ያህል ይቀድመዋል።