ለሰብል የሚደርሰውን የአፈር ፎስፈረስ መለካት

ፎስፈረስ ሰብሎች ሥር እንዲሰዱና ፍሬ እንዲይዙ ከሚያስፈልጓቸው ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በአፈር ውስጥ ካለው ጠቅላላ ፎስፈረስ ሰብሉ ሊጠቀምበት የሚችለው ጥቂቱን ብቻ ነው። የአፈር ምርመራ ዓላማም ይህን ድርሻ ለይቶ ማወቅ ነው።

የጉዳዩ አስፈላጊነት በምዕራብ አዲስ አበባና በዙሪያው ጎልቶ ይታያል። ከከተማዋ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሆለታ አካባቢ ያለው ቀይ አፈር በአብዛኛው አሲዳማ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አፈር ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አጥብቀው ስለሚይዙት፣ አርሶ አደሩ ከጨመረው ማዳበሪያ ከፊሉ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። በአንጻሩ በቀራንዮና በመሰል የከተማ ዳርቻዎች ለዓመታት ፍግና አመድ ሲደፋበት የኖረ የጓሮ መሬት ከበቂ በላይ ፎስፈረስ ሊኖረው ይችላል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የማዳበሪያ መጠን ማዘዝ ገንዘብን ያለ ውጤት ማባከን ይሆናል።

ምርመራው የሚጀምረው ከማሳው ነው። ማዳበሪያ ከመጨመሩ በፊት፣ ከ15 እስከ 20 ከሚደርሱ የማሳው ቦታዎች እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ አፈር ተወስዶ ይደባለቃል። የአጥር ጥግ፣ የዛፍ ሥር፣ የቀድሞ በረትና የፍግ ክምር የነበረበት ቦታ አይወሰድም። ከድብልቁ አንድ ኪሎ ግራም ያህል በጥላ ሥር እንዲደርቅ ከተደረገ በኋላ ተፈጭቶ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል።

በቤተ ሙከራ አፈሩ ፎስፈረሱን በሚያወጣ ፈሳሽ ይናጣል፤ ከዚያም ይጣራል። ወደተጣራው ፈሳሽ ሞሊብዴት ሲጨመር ሰማያዊ ቀለም ይፈጠራል። የቀለሙ ድምቀት በመሣሪያ ተለክቶ በአንድ ኪሎ ግራም አፈር ውስጥ ያለው ፎስፈረስ በሚሊ ግራም ይገለጻል።

የማውጫው ፈሳሽ ዓይነት ውጤቱን ይወስነዋል። እ.ኤ.አ. በ1945 የቀረበው የብሬይ ዘዴ ለአሲዳማ አፈር የተዘጋጀ ሲሆን፣ ኖራማ አፈር የፈሳሹን አሲድ ስለሚያከሽፈው በዚያ አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ1954 የቀረበው የኦልሰን ዘዴ በሶዲየም ባይካርቦኔት የሚሠራ ሲሆን፣ ለኖራማ አፈር ቢዘጋጅም በኢትዮጵያ ቤተ ሙከራዎች በስፋት ሲሠራበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመው የሜህሊክ 3 ዘዴ ደግሞ ብዙ ንጥረ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ለማውጣት ያስችላል።

በወቅቱ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት የተጠቀመው በሜህሊክ 3 ነው። ከዚህ ጥናት በኋላ ለረጅም ጊዜ ለአገሪቱ አርሶ አደሮች ሲከፋፈል የኖረው ዳፕ ማዳበሪያ ሰልፈር ባካተተው ኤን ፒ ኤስ ተተክቷል።

በመሆኑም በልዩ ልዩ ዘዴዎች የተገኙ ቁጥሮችን በቀጥታ ማነጻጸር ስህተት ነው። በኦልሰን ዘዴ በቂ የሚባለው መነሻ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ግራም አካባቢ ሲሆን፣ የአፈር መረጃ ሥርዓቱ በሜህሊክ 3 የተጠቀመበት መነሻ ግን 30 ሚሊ ግራም ነበር። ስለዚህ 15 የሚል ውጤት በአንደኛው በቂ፣ በሌላው ደግሞ እጥረት ማለት ነው። ዘዴው ያልተጻፈበት የምርመራ ወረቀት ለውሳኔ አይበቃም።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው የመለኪያው አገላለጽ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የሚጻፈው የፎስፈረስ ኦክሳይድ መጠን ነው። በ100 ኪሎ ግራም ዳፕ ውስጥ ያለው 46 ኪሎ ግራም ፎስፈረስ ኦክሳይድ 20 ኪሎ ግራም ያህል ንጹሕ ፎስፈረስ ብቻ ይዟል።

የቤተ ሙከራ ቁጥር በራሱ የማዳበሪያ ትእዛዝ አይሆንም። ምን ያህል እንደሚጨመር የሚታወቀው ውጤቱ በዚያው አካባቢ ከተካሄደ የማሳ ሙከራ ጋር ሲገናዘብ ነው። አፈሩ አሲዳማ ከሆነም ማዳበሪያ ከማብዛት በፊት በኖራ ማከም ተገቢ ነው።