ዘጌ ምን ትሸጣለች?

በአገራችን ትንንሽ ከተሞች ግድግዳ ላይ ሁለት ዓይነት ወረቀት ጎን ለጎን ተለጥፎ እናያለን። አንደኛው «ክፍት የሥራ ቦታ» ይላል፤ ሁለተኛው «የሐራጅ ማስታወቂያ»። ፊተኛው ጉልበትና ዕውቀት ያለውን ሰው ይጠራል፤ ኋለኛው ገንዘብ ያለውን። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ለማንበብ ስንጋፋ ሁለተኛውን ልብ አንለውም። የአንድ ከተማ ታሪክ ግን በሁለቱ መካከል ይገኛል እንላለን። ሥራ ሲኖር ምን እንደሚመረት፣ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ምን እንደሚሸጥ የሚነግሩን እነዚህ ሁለት ወረቀቶች ናቸውና።

«ሐራጅ» ከዐረብኛ የመጣ የነጋዴ ቃል ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የፍርድ ቤት ቃል አድርጎታል፤ ባለዕዳው አልከፍል ሲል ንብረቱ በአደባባይ ዋጋ እየተጠራበት ይሸጣል ማለት ነው። በምዕራቡ ዓለም የገበሬ ከተሞች ሐራጅ የታወቀ ነገር ነው። ገበሬው ሲያረጅ ወይም ዕዳ ሲያንቀው ላሙ፣ ማረሻው፣ የአያቱ ቁም ሣጥን ሳይቀር በገዛ ግቢው ውስጥ በአንድ ቀን ይሸጥበታል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ የአሜሪካ ገበሬዎች አንድ ብልሃት አምጥተው ነበር። ባንክ የጎረቤታቸውን እርሻ ሐራጅ ሲያወጣ አስቀድመው ተማክረው ይሄዱና በሳንቲም ብቻ ይጫረታሉ፤ ዋጋ ሊያንር የመጣውን የውጭ ሰው በዓይናቸው ዝም ያሰኙታል፤ በሳንቲም የገዙትንም ንብረት ለባለቤቱ መልሰው ይሰጡታል።

እኛስ ዘንድ? እርሻ ሐራጅ ይወጣል ወይ? ጥንታዊ ዕቃስ ማን ይሸጠዋል፣ ማን ይገዛዋል? ይህን ለመመልከት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥተን ዘጌ እንውረድ።

ዘጌ ወደ ጣና ሐይቅ የገባች፣ በደን የተሸፈነች ልሳነ ምድር ናት። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ ሌሎችም ገዳማት አሉባት። ትውፊቱ የገዳሙን መሥራች አቡነ በትረ ማርያምን ያነሣል፤ በጸሎታቸው ለዘጌ የተሰጧት ሦስት ተክሎች ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ናቸው ይላል። በሬ አይጠመድባትም፣ መሬቷ አይታረስም የሚለውም ሥርዓት ከዚያው ትውፊት ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ጎጃምና በጌምድር በበሬ ትከሻ ሲኖሩ ዘጌ በዛፍ ጥላ ሥር ኖራለች ማለት ነው። እህሉን ከውጭ ትሸምታለች፤ ለመሸመት ደግሞ የምትሸጠው ያስፈልጋታል። ስለዚህ ዘጌን «የጸሎት አገር» ብቻ ብሎ ማለፍ ግማሹን መናገር ነው። ዘጌ ከጥንት የገበያ አገርም ናት።

ቡናዋ ወደ ጎንደር ይወጣ ነበር፤ በመተማ በኩልም ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። በተለይ ከ19ኛው መቶ ዘመን ወዲህ የቡናው ንግድ እየደረጀ ሲመጣ ዘጌ የታወቀች ባለጸጋ ሆነች። ታዲያ እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ቡና ራሱን አይመነጥርም፤ ራሱን አይለቅምም፤ ጀንፈሉን ራሱ አያሰጣም፣ ራሱ አይወቅጥም። ይህን ሁሉ የሠራው ማን ነው?

መልሱ ደስ አይልም። የታሪክ ምሁሩ አብዱስሰመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት የ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የዘጌ ቡና ባለቤቶች፣ ካህናቱም ጭምር፣ በባሪያ ጉልበት ይሠሩ እንደነበር አሳይቷል። እንግዲህ ያን ጊዜ በዘጌ «ክፍት የሥራ ቦታ» የሚባል ነገር አልነበረም። ሥራው ነበረ፤ ሠራተኛው ግን እንደ ቡናው ሁሉ ከገበያ ተገዝቶ የመጣ ነበር። ሐራጅ የምንለው ነገር መጀመሪያ ያረፈው በዕቃ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው። በጣና ዳር ውብ አድርገን የምናየው ደን በጸሎትና በትውፊት ብቻ ሳይሆን ስማቸው በየትኛውም ድርሳን ባልተጻፈ ሰዎች እጅ ጭምር የተያዘ ነው። ይህን መናገር ገዳማቱን ማሳነስ አይደለም። ላቡን ያፈሰሰውን ሰው በታሪክ ውስጥ ቦታውን መስጠት ነው እንጂ።

በ1916 ዓ.ም. ባሪያን ደረጃ በደረጃ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ፈጽሞ በሕግ ተሻረ። ነገር ግን አዋጁ ነጻነት ሲሰጥ የቡና ጓሮ አልሰጠም። ነጻ የወጣ ሰው መሬት ከሌለው የሚሸጠው ያው ጉልበቱን ነው። ልዩነቱ አሁን ራሱ ሻጭ መሆኑ ነው፤ ይህም ትልቅ ልዩነት ነው፤ ግን እንጀራ አይሆንም።

የደመወዝ ሥራ የሚባለው ነገር ወደዚህ አካባቢ በሰፊው የመጣው ባሕር ዳር ስታድግ ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ያዘ። በ1955 ዓ.ም. የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ተከፈተ፤ ይህ ተቋም ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1964 የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ተጨመረ። በሐይቁ ማዶ ላለ የገጠር ልጅ ይህ አዲስ ዓለም ነበር። ወር ሲሞላ የሚከፈል ገንዘብ፣ በፈረቃ የሚቆጠር ሰዓት፣ በግድግዳ የሚለጠፍ ማስታወቂያ! ማስታወቂያው ግን ማንበብ ለሚችል ነው። የቀለም ትምህርት ለቀደመው በሩ ተከፈተ፤ ላልቀደመው የቀረው የድሮው መንገድ ነበር።

የድሮው መንገድ እንጨት ነው። በደንገል ታንኳ ተጭኖ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን ማገዶ ያላየ የጣናን ዳርቻ አላየም። ታንኳውን በመሥራት የታወቁት ወይጦዎች ናቸው፤ እነሱም ለዘመናት ርስት ያልነበራቸው፣ ከሐይቁ ጋር ብቻ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ነገሩን ልብ በሉ። መሬት የሌለው በሠራው ታንኳ፣ ቡና ያነሰው የቆረጠውን እንጨት ጭኖ፣ ለከተማው ምድጃ ያቀርባል። ቡናው ሲያንስ ዛፉ ይሸጣል፤ ዛፉ ሲሸጥ ከሥሩ ያለው ቡና ጥላ ያጣል፤ ቡናው ደግሞ የበለጠ ያንሳል። ይህ በቀስታ የሚካሄድ ሐራጅ ነው። ጠሪ የለውም፣ መዶሻ የለውም፣ ግን በየቀኑ አለ። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የምድጃውን ጥያቄ ግን መዝገቡ ብቻውን አይመልስም።

መሬቱስ? እዚህ ላይ የእኛ አገር ታሪክ ከአሜሪካው ገበሬ ታሪክ ይለያል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገው፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዕዳ ማስያዝም ከለከለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። ስለዚህ በዘጌም ሆነ በሌላው የአገራችን ገጠር ባንክ መጥቶ የገበሬውን መሬት ሐራጅ ሊያወጣበት አይችልም። ይህ አንድ ጋሻ ነው። ነገር ግን መሬቱ የማይሸጥ ከሆነ፣ ሥራም ከሌለ፣ የቸገረው ሰው ዓይን የት ያርፋል? ሊነሣ በሚችለው ነገር ላይ ነዋ! በዘጌ ሊነሣ የሚችለው ነገር ደግሞ ሁለት ነው፤ ዛፉና በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ያለው ቅርስ።

አሁን ወደ ትልቁ ሐራጅ ደረስን። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ዘጌ ላይ ሰፍረው ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምና ባልደረቦቹ በሚያዝያ ወር የተያዙት እዚሁ ዘጌ ነው። ነገሩ ተካርሮ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ደረሰ፤ ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል፤ እንዴት እንደሆነ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ወታደሩ የዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደ። በዚያ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ሐራጅ ተባለ። መስቀሉ፣ ዘውዱ፣ ጽናጽሉ፣ ብራናው ሁሉ ዋጋ ተጠራበት። ለእንግሊዝ ሙዚየም ይገዛ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ነበር፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለሙዚየሙ ደረሱ። ከሽያጩ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ንጉሡ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ነበሩ። እንግዲህ መጽሐፉ ሁለት ጊዜ ከቤቱ ወጣ፤ መጀመሪያ በራሳችን ንጉሥ፣ ቀጥሎ በባዕድ ጦር። ሐራጅ የወጣው ግን አንዴ ነው፤ ሻጩም ባለቤት አልነበረም።

ሆልምስ ሁሉንም ለሙዚየሙ አላስረከበም። «ኲርዓተ ርእሱ» የተባለውን የነገሥታቱን ሥዕል ለራሱ አስቀረ። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ላይ ሐራጅ ወጣ፤ በ1950 እንደገና ተሸጠ፤ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። ጦር የሚዘምትበት ይህ ሥዕል ከገዢ ወደ ገዢ ሲዞር ኖረ ማለት ነው።

ሁሉም በጦር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ጉዞ ጎንደር መጥቶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው ግልባጭ ሰቀለ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። አሮጌውን በአዲስ መለወጥ ለአንዳንዱ ጥሩ ስምምነት ይመስለው ይሆናል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ግን ሌላ ዓይነት እንግዳም መጣ። ጀርመናዊው ምሁር ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣና ገዳማት ያሉትን ብራናዎች ፎቶ አንሥቶ፣ ዝርዝራቸውን አሳትሞ፣ መጻሕፍቱን በቦታቸው ትቶ ሄደ። ዕውቀቱን መውሰድና ዕቃውን መውሰድ አንድ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሕግም ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው አዋጅ ቁጥር 229 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209ም አጠናከረው። አንዳንድ ነገርም ተመልሷል። በ1994 ዓ.ም. ኤዲንብራ ከሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት አገሩ ገብቷል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ ዶርሴት ያለ የሐራጅ ቤት ከመቅደላ የተወሰደ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ሊሸጥ ሲል ኤምባሲያችን ተቃወመ። ዕቃዎቹ ከጨረታው ወጡ፤ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረከበ። ያ ጎረቤቶች በሳንቲም ተጫርተው ንብረቱን ለባለቤቱ የመለሱበት የአሜሪካ ገበሬዎች ዘዴ ትዝ አይላችሁም?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ቅርስ የሚጠፋው ሕዝቡ ድኻ ስለሆነ ነው፤ የራበው ይሸጣል» ይላሉ። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። የዘጌን ብራና ለዘመናት የጠበቀው ድኻ ቄሰ ገበዝ ነው፤ ቁልፉን በወገቡ አስሮ፣ እሳትና አይጥ እየተከላከለ፣ ከቡናው ድርሻ ሌላ ይህ ነው የሚባል ክፍያ ሳያገኝ። በብዛት የወሰዱትስ? ጠመንጃ ያለው ወታደርና ገንዘብ ያለው መንገደኛ ናቸው። ስለዚህ ድኽነት ሌባ አያደርግም። ድኽነት የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ተተኪ ያሳጣል። የቄሰ ገበዙ ልጅ በዘጌ ሥራ ካጣ ይሄዳል። የሚያስጎበኘው የጀልባ እንግዳ በ2012 በወረርሽኙ፣ ከዚያም በጦርነቱ ሲቀንስበት፣ ትንንሽ ታንኳና በፍየል ቆዳ ላይ የተሣለ ሥዕል የሚገዛው ሲያጣ፣ ከተማ ገብቶ ማስታወቂያ ማንበብ ይጀምራል። ያን ጊዜ ዕቃ ቤቱ ባለቤት ሳያጣ ጠባቂ ያጣል። ጠባቂ ያጣ ዕቃ ደግሞ ሐራጅ እስኪወጣ የሚጠብቀው ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰው እንዳይሸጥ ሕግ ከለከለ፤ መሬት እንዳይሸጥ ሕግ ከለከለ፤ ቅርስ እንዳይሸጥ ሕግ ከለከለ። ሦስቱም ደግ ሕጎች ናቸው። «አትሽጥ» ያለ ሕግ ግን «ምን ሠርቼ ልብላ?» ለሚለው መልስ አልሰጠም። መልሱ ያለው በመጀመሪያው ወረቀት፣ በክፍት የሥራ ቦታው ላይ ነው። ብራና ፋቂና ደጓሽ፣ የሥዕል ጠጋኝ፣ የቅርስ መዝጋቢ፣ ጥላውን ሳይነካ ቡናውን የሚያድስ ባለሙያ፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ሠሪ፤ እነዚህ ሁሉ ዘጌ የምትሻቸው ሥራዎች ናቸው። ማስታወቂያቸውን ግን በየትኛውም ግድግዳ ላይ አናነብም።

እኛ ተማሪዎች ፋብሪካ መክፈት አንችልም። መጻፍ ግን እንችላለን። በዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ አንድ አንድ ደብተር እንያዝ። የየደብራችንን ዕቃ ከካህናቱ ጋር ሆነን እንቁጠር፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ የኛ ነበር ብሎ መከራከር አይቻልምና። ከቡናው ባለቤቶች ብቻ ሳይሆን ቡናውን ለቅመው ስማቸው ካልተጻፈው ሰዎች ልጅ ልጆችም ቃል እንቀበል። ደላንታ ሜዳ ላይ የተሸጠውን የምናውቀው ገዢዎቹ ስለጻፉት ነው። ዘጌ ላይ ያለውን ግን የሐራጅ ጠሪው ሳይቀድመን እኛ እንጻፈው።