መስመሩ ሲቋረጥ ማን ይጠራ?

ሚስኮል አድርጎ «መልሰህ ደውል» ማለት የኛ ትውልድ ፈጠራ ይመስላችኋል? ተሸውዳችኋል!

እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን «ሮግ» የተባለ የተርሚናል ጌም ሠሩ። ስክሪኑን በፊደላት የሚሥለውን «ከርስስ» የጻፈው የበርክሌዩ ኬን አርኖልድ ነው። ቁልፍ እስክትነኩ ጭራቁ እንኳ ንቅንቅ አይልም።

የሞደሙ ስልክ መሃል ላይ ቢቋረጥስ? ጌሙ አስቀድሞ ለዩኒክስ የአንድ ፈንክሽን አድራሻ ሰጥቶታል፤ «መስመሩ ሲቋረጥ ይህን ጥራ» ብሎ። ዩኒክስ ይጠራዋል፣ ጌሙ ሴቭ ይደረጋል። ኮልባክ ይሏችኋል ይሄ ነው! ዛሬም ቁልፍ ወይም ማውስ ሲነካ በዚሁ ዘዴ የሚሠሩ የተርሚናል ፕሮግራሞች ሞልተዋል።

አድራሻ ያልተወ ፕሮግራም ግን ከመስመሩ ጋር አብሮ ይሞታል፤ የሰዓታት ልፋታችሁም አብሮት። ቁጥር ካልተዋችሁ ማን መልሶ ይደውላል?