የሰው ወርቅ አያደምቅ

ሌባ ላም ቢሰርቅ ባለቤቱ በማግሥቱ በረቱን ባዶ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ይህ ስርቆት መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሰው የደከመበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ያለ ፈቃዱ የገለበጠ ግን፣ ዋናውን ለባለቤቱ ትቶለት ስለሚሄድ የበደለ አይመስለውም። እኔም በተማሪነቴ ዘመን ገንዘብ አልነበረኝምና ከጓደኛ ወደ ጓደኛ በተላለፈ ቅጅ ስሠራ ኖሬአለሁ፤ ኅሊናዬም አልወቀሰኝም። በኋላ የነገሩን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ግን አሳቤን ለወጥሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በአልበከርኪ ከተማ የነበረ ሚትስ የተባለ ኩባንያ አልቴር የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ለሽያጭ አቀረበ። ቢል ጌትስና ፖል አለን የተባሉ ወጣቶችም፣ ሞንቴ ዴቪዶፍ እየረዳቸው፣ ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጁላት። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ኩባንያው ማሽኒቱን በካሊፎርኒያ ለሕዝብ ሲያሳይ አንድ ጥቅልል ተወሰደ፤ ብዙ ቅጅም ወጥቶለት ሆምብሩ በተባለው የኮምፒውተር ወዳጆች ክበብ በነጻ ታደለ።

የገለበጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ዕውቀትን መካፈል ልማዳቸው ነበር፤ ቅሬታም ነበራቸው። ማሽኒቱ ሳትገጣጠም 400 ዶላር ያህል ስትሸጥ፣ ቤዚክ ለብቻው ሲገዛ 500 ዶላር ይጠየቅበት ነበርና።

ጌትስ በ1976 ዓ.ም. ግልጽ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ከአልቴር ባለቤቶች ቤዚክን የገዙት ከዐሥር አንድ እንደማይሞሉ፣ የድካማቸውም ዋጋ ለአንድ ሰዓት ከ2 ዶላር በታች እንደ ሆነ ገልጦ፣ ያለ ዋጋ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ብዙዎች ተቈጡ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የተቈጡት ሳይሆኑ የሠሩት ናቸው። በዚያው ዓመት ቶም ፒትማን የራሱን ትንሽ ቤዚክ ጽፎ በ5 ዶላር ሸጠ፤ ሌሎችም የጻፉትን በመጽሔት አትመው ለሁሉ ሰጡ። በ1983 ዓ.ም. ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሊገለብጠውና ሊያሻሽለው የተፈቀደ የፕሮግራም ሥራ እንደሚጀምር አስታወቀ። በ1991 ዓ.ም. ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን አወጣ፤ ዛሬ የአንድሮይድ ስልክ እንኳ የቆመው በዚያ መሠረት ላይ ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ወገን የቱ ለጋስ ነው? አባቶቻችን ቁም ጸሐፊዎች ዳዊትን ሲገለብጡ ብራናውን ፍቀው፣ ቀለሙን በጥብጠው፣ ወራት ደክመው ነበር፤ የሰጡት የራሳቸውን ድካም ነው። በማሽን ገልብጦ የሚያድል ግን የሚሰጠው የሌላውን ድካም ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ «ድኻ ነኝ፣ ዋጋውም ከአቅሜ በላይ ነው» ብትል እውነትህን ነው፤ እኔም ብዬዋለሁ። ድኽነት በደሉን ያቀልለዋል፤ መብት ግን አያደርገውም። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ከሕጉ ይልቅ ግን ይህን አስብ፤ ነገ አንተም ሌሊት ሳትተኛ የምትጽፈው ፕሮግራም ይኖርሃል። ዋጋው የከበደህን ተወው፤ ባለቤቱ በነጻ የፈቀደውን ፈልገህ ሥራበት፤ ስትችልም የራስህን ጨምርበት። እኔም ዘግይቼ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።