አንድ ጥርስ ምን ያህል ይናገራል?

ስለ ዳይኖሰሮች በተነሣ ቁጥር «ጥርሱን ብቻ አይተው የየትኛው ዳይኖሰር እንደሆነ እንዴት አወቁ?» ብለው የሚጠይቁ ተማሪዎች አይታጡም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከአንድ ዝነኛ ጥርስ ታሪክ ጋር አያይዘን ብናቀርበው ይሻላል ብለን አስበናል።

ጌዴዎን ማንቴል በደቡብ እንግሊዝ ሉዊስ በተባለች ከተማ የሚኖር ሐኪም ነበር። ከሕክምና ሥራው በሚተርፈው ጊዜ ቅሪተ አካል ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከኩክፊልድ አካባቢ የድንጋይ ካባ የወጡ ትልልቅ ጥርሶች እጁ ገቡ። (የመጀመሪያውን ያገኘችው ባለቤቱ ሜሪ አን ናት የሚለው ወሬ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል፤ ማንቴል ግን በኋላ ያገኘሁት ራሴ ነኝ ብሏል።) ጥርሶቹ በማኘክ ብዛት ጫፋቸው አልቆ ለጥ ብሏል። ችግሩም እዚህ ላይ ነበር። በዘመኑ የሚታወቁት በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳት ምግባቸውን ይውጣሉ እንጂ አይፈጩም፤ መፍጨት የአጥቢዎች ጠባይ ነው። ድንጋዩ ደግሞ ትልልቅ አጥቢዎች ከኖሩበት ዘመን እጅግ የቀደመ ነው።

በ1823 ቻርልስ ላይል አንዱን ጥርስ ፓሪስ ወስዶ ለጆርጅ ኩቪዬ አሳየው። በአጥንት ዕውቀት በዚያን ጊዜ አቻ ያልነበረው ይህ ሊቅ «የአውራሪስ የላይኛው የፊት ጥርስ ነው» አለ። በእኛ አስተያየት ኩቪዬ በዚህ ሊወቀስ አይገባም፤ ያለቀው ጫፍ በእርግጥ ወደ አጥቢ የሚመራ ምልክት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ተጨማሪ ጥርሶች ሲያይም ስሕተቱን ሳይደብቅ፣ ዕፅ በል የሆነ ያልታወቀ ተሳቢ እንስሳ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ።

ማንቴል በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ በሚገኝ የሐኪሞች ኮሌጅ ቤተ መዘክር ጥርሱን ከልዩ ልዩ እንስሳት መንጋጋ ጋር ሲያስተያይ ሳሙኤል ስታችበሪ የተባለ የቤተ መዘክሩ ሠራተኛ የኢጉዋናን አጽም አሳየው። ኢጉዋና በአሜሪካ ሞቃት አገሮች የሚኖር፣ ቅጠል የሚበላ ትልቅ እንሽላሊት ነው። ጥርሱ እንደ ቅጠል የሰፋ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተጠረበ ሲሆን፣ ከማንቴል ጥርስ ጋር በመጠን ካልሆነ በቅርጽ እጅግ ይመሳሰላል። ስለዚህ ማንቴል በ1825 እንስሳውን ኢጉዋኖዶን፣ ማለትም «የኢጉዋና ጥርስ» ብሎ ሰየመው።

ጥርሱ እስከዚህ ድረስ እውነቱን ተናገረ። ከዚህ በላይ ሲጠየቅ ግን አሳሳተ። ማንቴል የኢጉዋናን ቁመና በጥርሱ መጠን አባዝቶ እንስሳው 18 ሜትር ያህል ይረዝማል አለ። በ1878 በቤልጂግ አገር በርኒሳር ከሚባል የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሙሉ አጽሞች ሲወጡ ርዝመቱ 10 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ማንቴል አፍንጫው ላይ ቀንድ አድርጎ ያስቀመጠው አጥንትም የአውራ ጣት ሹል መሆኑ ታወቀ።

የዝርያው ነገር ከሁሉ ይከፋል። ለእንግሊዝ ጥርሶች በ1829 ኢጉዋኖዶን አንግሊከስ የሚል ስም ተሰጥቷቸው ነበር። ይሁን እንጂ የሚዛመዱ ዕፅ በል ዳይኖሰሮች ጥርሳቸው ይመሳሰላል፤ በአንድ መንጋጋ ላይ እንኳ የፊቱና የኋላው ይለያያል፤ ዕድሜውን ሙሉ ጥርሱን እየጣለ የሚተካ እንስሳም ብዙ ጥርስ ትቶ ይሞታል። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን በ2000 የኢጉዋኖዶንን ስም ከጥርሶቹ ወስዶ በበርኒሳር አጽሞች ላይ ተከለው። ስሙን የወለደው ጥርስ ስሙን ሊሸከም አልቻለም ማለት ነው።

በኢትዮጵያም ሙገር በሚባለው የጁራሲክ ዘመን ደለል ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። የሥጋ በል ጥርስ ሲሆን አጥኚው ርዝመቱንና ውፍረቱን ይለካል፤ በጠርዙ ላይ በ5 ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ጥቃቅን የመጋዝ ጥርሶች እንዳሉ ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚገኘው የቤተሰቡ ስም ነው፤ ዝርያው አይገኝም፤ በቤተ መዘክር መለያ ወረቀት ላይም እንዲሁ ተብሎ ይጻፋል።

ከማንቴል ጥርሶች አንዱን ልጁ ዋልተር ወደ ኒውዚላንድ ይዞት ሄዶ ነበር። ዛሬ ዌሊንግተን በሚገኘው በቴ ፓፓ ቤተ መዘክር ተቀምጧል።